ጧሪ ባለበት ቤት የሚደርስ በደል፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ አረጋውያን

በኢትዮጵያ አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ነው። በአረጋዊ ላይ ስለሚደርስ በደል ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ዱላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ግን ሰፋ ይላል። አረጋዊው ከሚያምነው ሰው የመጣ፣ አንዴም ይሁን ደጋግሞ የሚጎዳው ወይም የሚያስጨንቀው ድርጊት ሁሉ በደል ነው። መደረግ ያለበት ሳይደረግ ሲቀርም እንዲሁ። ስድብ፣ ማስፈራራት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ገንዘብ መንጠቅ፣ ችላ ማለት፤ ሁሉም ይቆጠራሉ።

ለማየት የሚያስቸግረው ችላ መባል ነው። ጩኸት የለውም። ሰውየው ቀስ በቀስ ይከሳል፣ ወሬ ይቀንሳል፣ ጎረቤትም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። ደግሞ የሚደርሰው ጧሪ በሌለበት ብቻ አይደለም። ጧሪ አለ ተብሎ ሌላው ሰው መምጣት ባቆመበት ቤት ይብሳል።

የት ነው የሚጦሩት?

የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ነው። በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያኖራል። ልደቱን ወይም ሠርጉን እዚያ ሄዶ ከአረጋውያኑ ጋር ማዕድ በመቁረስ የሚያከብር ብዙ ነው። ይህ ልማድ ከሚሰጠው ምሳ በላይ ጥቅም አለው። ሰው የሚገባበት ግቢ ለበደል አይመችም። በየትኛውም ማዕከል ግን የበዓል እንግዳ የሚያየው አዳራሹን ነው። ከአልጋ የማይነሱት የሚተኙበትን ክፍል፣ መጸዳጃ ቤቱንና የማታውን ተረኛ አያይም። አረጋዊን ሳያስፈቅዱ ቪዲዮ ቀርጾ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅም፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ቢሆን እንኳ፣ ለእኔ ክብር መንካት ነው።

ይሁንና አብዛኛው አረጋዊ ያለው ማዕከል ውስጥ ሳይሆን ልጅ ወይም ዘመድ ቤት ነው። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ላይ። የኮንዶሚኒየሙ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ጀሞም ሆነ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ብዙዎቹ ሕንፃዎች አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አራተኛ ፎቅ ከወጡ የሚወርዱት ለሐኪም ብቻ ነው። ከመሐል ከተማ ሰፈር ሲፈርስ የመጡ ከሆነ የሚያውቁት ጎረቤት፣ የቡና ጓደኛና ዕድር ወደኋላ ቀርቷል። አዲሱ ብሎክ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ልጆቹ ጠዋት ወደ መሐል ከተማ ለሥራ ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትቀረው ሠራተኛ ናት። ብዙ ጊዜ በደላላ የተገኘች፣ ለወጥና ለልብስ የተቀጠረች፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች። አንድ ቀን አያትም ተጨመሩላት። ከባድ ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር ማን አስተማራት? የደመወዝ ጭማሪም የለም። ስትማረር ብትጮህ፣ ብትጎትት፣ በደል መሆኑ አይቀርም። ተጠያቂው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ደረጃ ባሰባሰባቸው ጥናቶች፣ በመጦሪያ ተቋማት ከሚሠሩ 3 ሠራተኞች 2ቱ ባለፈው ዓመት በደል ፈጽመናል ብለዋል። ከተቋም ውጭ ካሉት ደግሞ ከ6 አረጋውያን 1ዱ በዓመት ውስጥ በደል ደርሶበታል። ሥራው ድጋፍና ፈረቃ ከሌለው ደህናውንም ሰው ያከፋል።

ምን ይታያል?

የበለዘ ቦታ ሁሉ ዱላ አይደለም። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ በቀላሉ ይበልዛሉ። በአጋጣሚ የሚመጣው ግን በብዛት እጅና እግር ላይ ነው። ደረት፣ ጀርባ፣ አንገት፣ ፊት ወይም የክንድ የውስጥ ጎን ላይ ሲሆን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለቱም ክንዶች ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ነገር አጥብቆ የመያዝ፣ የእጅ አንጓ ላይ የዞረ ሰንበር የመታሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። የተነገረው ምክንያት ከጉዳቱ ጋር አልሄድ ካለ፣ ወይም ዛሬና ነገ ከተለዋወጠ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የመኝታ ቁስል ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። ከወገብ በታች፣ ዳሌ ላይና ተረከዝ ላይ ይጀምራል። መጽሐፎች «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ቦታን በእጅ መዳሰስ ይሻላል። መነሳት የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል የሚለው የቆየ የነርሶች ልምድ ነው። በደንብ ተይዞም የሚቆስል አለ፤ ያልተጠረገና የሸተተ ቁስል ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ብዙ ቤት «አሁን ከጠጡ ይሸናሉ» ተብሎ ውኃ ይቀነሳል። በክፋት አይደለም፤ የአዋቂ ዳይፐር ውድ ነው፣ ልብስ ማጠብም አድካሚ ነው። ከእርጅና ጋር የጥማት ስሜት ስለሚደክም ራሳቸውም አይጠይቁም። ከዚያ ድርቀት ይመጣል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ በድንገት መቀባዠር ይጀምራሉ። ቤተሰቡ «ጃጁ» ይላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የመጣ መቀባዠር ግን ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ሕመም ነው።

በር ቆልፎ መሄድም የተለመደ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወጥተው ይጠፋሉ፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። እሳት ቢነሳ ግን ማን ይከፍታል? ከክፍሉ ይልቅ የግቢውን በር መዝጋት፣ ለጎረቤት ቁልፍ መተው፣ ጋቢያቸው ጠርዝ ላይ ስልክ ቁጥር መስፋት ይቻላል። ቀን ቀንም የሚያንቀላፉ ከሆነ የሚውጡትን ኪኒን ማየት ነው። ዝም ለማሰኘት የእንቅልፍ መድኃኒት የሚሰጥ አለ።

ገንዘቡ

ጡረታ ከባንክ የሚያወጣው ሌላ ሰው ሲሆንና አረጋዊው ስንት እንደወጣ ካላወቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከባዱ የቤቱ ነገር ነው። የከተማ ዳርቻ ቦታ ዋጋ ሲጨምር ዘመድም ይበዛል። በውክልና ስም ቤት ይሸጣል፣ በስጦታ ስም ካርታ ይዞራል። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ አረጋውያን አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው 4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ቤት በስጦታ መስጠትም ያንኑ ሥርዓት ይከተላል። ማታ መኝታ ቤት ገብቶ ጣት ማስነካት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሲጠረጠር

ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልሆነ መጀመሪያ ለብቻ ማነጋገር። ተንከባካቢው ከአጠገብ አልነቃነቅ ካለ እሱም ምልክት ነው። እዚህ ላይ የንስሐ አባት ጥሩ አጋር ናቸው፤ «ለብቻችን ተዉን» ሲሉ እምቢ የሚላቸው የለም። «ይመቱዎታል ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ሌሊት ሲጠማዎት ማን ያቀርብልዎታል? ጡረታዎን ማን ያወጣልዎታል? ማን ሲመጣ ደስ ይልዎታል? መልሱ ከዚያ ይወጣል። ብዙዎቹ ገበናቸውን አያወጡም፤ «ልጄን አላሳስርም» ይላሉ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ሊመለሱ ስለሚችሉ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚችል ሰው ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ተንከባካቢውን በቁጣ መጋፈጥ አይመከርም። እንግዳው ሲሄድ ቁጣው የሚወርደው አረጋዊው ላይ ነው። የታየውን ከነቀኑ መጻፍ፣ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ የሕክምና ማስረጃ እንዲያዝ ማድረግ ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤት ለቤት ስለምትሄድ ሳትጠረጠር ትገባለች። አቤቱታው ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሆነ ግን ቦታው በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ ወረዳ መሮጥ ድካም ነው። በማዕከል ውስጥ ለሚፈጸም በደል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አሉ።

ሕጉ የተበታተነ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የወንጀል ሕጉ በአካል ጉዳት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 575 ደግሞ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ የተወውን ይጠይቃል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ጸድቆ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል።

አረጋዊውን ከቤት አውጥቶ ማዕከል ማስገባት ሁልጊዜ አይሆንም። ቦታ አይገኝም፣ እሳቸውም «ከልጄ ቤት አልወጣም» ሊሉ ይችላሉ። አእምሯቸው ደህና ከሆነ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ስለዚህ አብዛኛው መፍትሔ እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራል። ሠራተኛዋ የእረፍት ቀን ታገኛለች፣ ለተጨመረው ሥራ ይከፈላታል፣ ማገላበጥና ማጠብ በነርስ ትማራለች። የተከራዩት ቤት ወደ ምድር ቤት ይቀየራል። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ሰው በፈረቃ ብቅ ይላል፤ አንዱ ቀን ላይ ውኃ ያጠጣል፣ ሌላዋ ቅዳሜ ገላቸውን ስታጥብ ጀርባቸውን ታያለች። ዕድር ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለቀብር ቢሆንም፣ በሕይወት ያሉ አረጋውያንን መደገፍ የጀመሩ ዕድሮች ስላሉ ፈረቃውን ለዕድሩ ሰብሳቢ ማስያዝ ይቻላል።