የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነትና አመጋገብ በድሬዳዋና በሐረር

በጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። መነሻው ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይፈጠራል፤ ጉበት ተቀብሎ ወደ አንጀት ያሳልፈዋል፤ ከዚያም በሰገራ ይወጣል። የጨቅላ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ሥራው አዝጋሚ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ አንጀት ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ቀለሙ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

የአመጋገብ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጸዳዳል፣ ቀለሙም አብሮ ይወጣል። ወፍራሙ ቢጫማ እንገር ሆድን የማለስለስ ባሕርይ አለው፤ አንዳንድ ቤተሰብ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰሱ ሕፃኑን ከሚያስፈልገው ነገር መከልከል ነው። ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይዞ፣ ከዚያ በኋላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ቢጠባ ይመከራል።

በሁለቱም ከተሞች ከጡት በፊት ቅቤ ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ የሚያቀምሱ አሉ። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የታኘከ ቴምር ላንቃ ላይ መቀባትም የታወቀ ነው። እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ውሃውን ነው። ድሬዳዋ ሙቀቷ የበረታ ነው፤ «ልጁ ጠማው» የሚሉ ጎረቤቶችም አይጠፉም። የእናት ጡት ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና በድሬዳዋ ፀሐይም ሌላ አያስፈልግም። ውሃና ስኳር ቢሊሩቢንን አያወርዱም፤ ሆድ ሞልተው ጡት መጥባትን ያስተጓጉላሉ።

ከጡት መጥባት ጋር የሚያያዙ፣ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ዓይነት ቢጫነቶች አሉ። አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ነው፤ ጥፋቱ የወተቱ ሳይሆን ሕፃኑ የሚጠባው መጠን ማነስ ነው። መፍትሔው የጡት አያያዙን ማስተካከልና ደጋግሞ ማጥባት ነው፤ ይህ ካልበቃ የታለበ የጡት ወተት በኩባያ ይጨመራል፣ የዱቄት ወተት የሚታዘዘውም ሐኪም ሲያስፈልግ ካየ ነው። ሌላው ሕፃኑ ጤናማ ሆኖ ክብደት እየጨመረ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጎልቶ እስከ 12 ሳምንት ሊዘልቅ የሚችለው ነው። የዱቄት ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ቢጫነታቸው በአማካይ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ያ ግን ጡት ለማስጣል ምክንያት አይሆንም።

ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ግን መጠኑ አይለካም፣ በድሬዳዋ ደግሞ ለቃጠሎና ለፈሳሽ እጥረት ያጋልጣል። ሕክምናው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አላቸው። በብርሃን ሕክምና ላይ ያለ ሕፃንም መጥባቱን ይቀጥላል።

ቢሊሩቢን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚለው በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ነው፤ ያን ጊዜ እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ገብተዋል። በመጋረጃ በጨለመ የአራስ ክፍል ደግሞ ቢጫነት አይለይም። ስለዚህ ሕፃኑን በቀን ብርሃን ዓይኑን፣ ድዱንና መዳፉን ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫነት፣ እስከ እግር የወረደ ቢጫነት፣ ለመጥባት የማይነቃ ሕፃን፣ የነጣ ሰገራ ወይም ከ2 ሳምንት ያለፈ ቢጫነት ያለጥርጥር ሐኪም ቤት ያስኬዳል፤ በጣም ከፍ ያለ ቢሊሩቢን አንጎልን ለዘለቄታው ሊጎዳና የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ ይችላል።