የጂፒኤስ «3 ሜትር ትክክለኛነት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ሊገዛ ፈልጎ የቱ እንደሚሻለው ሲጠይቅ፣ ሌላው ቀበል አድርጎ «ባለ 5 ሜትሩን ተወው፤ ባለ 3 ሜትሩን ግዛ። ከዐለት 4 ሜትር ርቀህ ብታልፍ እንኳ አትነካውም» አለው። እንዲህ ያለ ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ሥራዬ የባሕርና የሐይቅ ወለል መቀየስ ነው፤ ያቺ «3 ሜትር» የምትባል ቁጥር ያለ ሥራዋ ስትሠራ ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የአሁኑ ግን ጀልባን ከዐለት ጋር የሚያላትም ነውና ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ጂፒኤስ እንዴት እንደሚሠራ በመተረክ ጊዜ አላጠፋም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ያስተላልፋሉ፤ መቀበያው ቢያንስ ከአራቱ የደረሰውን አነጻጽሮ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ጠቤ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ጋር ነው።

ብዙ ሰው «3 ሜትር» የሚለውን የሚያነበው በ3 ሜትር ገመድ ከችካል ጋር እንደታሰረች በቅሎ አድርጎ ነው። ችካሉ ጀልባው በእርግጥ ያለበት ቦታ ነው፤ በቅሎዋ ደግሞ መሣሪያው «እዚህ ነህ» የሚለው ቦታ። ገመዱ እስካለ ድረስ በቅሎዋ 4 ሜትር ላይ ያለውን ሰብል አትደርስበትም፣ ያ አማካሪም የሚለው ይህንኑ ነው። ችግሩ በቅሎዋ አለመታሰሯ ነው። ገመድ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። ቁጥሩ የሚለው «በቅሎዋን ደጋግመን አይተናታል፤ ካየንባቸው ጊዜያት በግማሹ ያህል ከችካሉ 3 ሜትር ሳትርቅ ስትግጥ አግኝተናታል» ብቻ ነው። በቀረው ግማሽ ከ3 ሜትር ውጭ ነበረች።

«በግማሹ» ያልኩትም ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ አይደለም። አንዱ አምራች ቁጥሩን በ50 በመቶ ዕድል ላይ ተመሥርቶ ይሰጣል፣ ሌላው በ68፣ ሌላው በ95። የቱን እንደተጠቀመ በሣጥኑ ላይ የሚጽፍ ብዙ አይደለም። ስሕተቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ተበትኗል ብለን እናስላ (ይህም ራሱ ለስሌት እንዲመች የሚወሰድ ግምት ነው፤ ሰማዩ ሁልጊዜ አይታዘዝለትም)። በ50 በመቶ «3 ሜትር» የተባለው በ95 በመቶ 6.2 ሜትር ገደማ፣ በ99 በመቶ ደግሞ 7.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲያው በ95 በመቶ «5 ሜትር» ብሎ የጻፈው አምራች፣ በ50 በመቶ «3 ሜትር» ካለው የተሻለ ዕቃ ይዞ ቀርቧል ማለት ነው። ያ ጠያቂ እንዲተወው የተመከረው ምናልባት የተሻለውን ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለው ይባላል፤ እዚህ ግን ገመዱን የሚያሳጥረው ማስታወቂያ ጸሐፊው ነው።

«እኔ የማየው በሣጥኑ ላይ ያለውን አይደለም፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ነው» የሚል አለ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር መሣሪያው ስለራሱ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ሳተላይቶቹ በሰማይ ላይ እንዴት እንደተበተኑና ሲግናላቸው ምን ያህል እንደጠራ አይቶ የሚያሰላው። እውነተኛውን ስሕተት አያውቅም። ቢያውቀው ኖሮ ያርመው ነበር። ከገደል ግድግዳ ወይም ከብረት ተራዳ ላይ ነጥሮ የገባ ሲግናል ከቀጥተኛው የዘገየ መሆኑን በቅጡ ላይለይ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሙሉ ልብ «3 ሜትር» እያለ 15 ሜትር ይስታል።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ምክር «ጥሩ ቦታ ስታገኝ አንድ ደቂቃ ጠብቀህ አማካዩን መዝግብ፣ ስሕተቱ ይጠፋል» የሚለው ነው። በቅሎዋ እንደ ዝንብ ከዚህ እዚያ የምትዘል ብትሆን ይህ ያስኬድ ነበር። በቅሎ ግን ስትግጥ ዝግ ብላ ነው። ስሕተቱን የሚያመጡት አዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ ያዘለው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) ሲግናሉን ማዘግየቱ፣ የሳተላይቶቹ የምሕዋርና የሰዓት መዛነፍ፣ የአቀማመጣቸው መለዋወጥ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ የሚለወጡት በደቂቃዎችና በሰዓታት እንጂ በሴኮንድ አይደለም። አንድ ጊዜ የቆመበት ቦታ በትክክል በሚታወቅ የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ አስቀምጬ፣ የሄደበትን መንገድ እንዲመዘግብ ከፍቼው አደርኩ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ያገኘሁት ድመት የተጫወተችበት የክር ኳስ ይመስል ነበር። አንዲት ስንዝር ያልተንቀሳቀሰው መሣሪያ በመንገድ ቆጣሪው ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ «ተጉዟል»። ክሩን ቀረብ ብዬ ሳየው በምሰሶው ዙሪያ እኩል የተበተነ አልነበረም፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግማሽ ሰዓት ያህል ተጠቅልሎ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ተጉዞ እዚያ ደግሞ ይጠቀለላል። አንድ ደቂቃ ቆሞ አማካይ የሚወስድ ሰው በቅሎዋ በዚያች ደቂቃ የተኛችበትን ጥግ በጥሩ ሁኔታ ይመዘግባል። ችካሉን ግን አላገኘም።

ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ለማያውቅ ሰው ቀጥሎ ያለው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። አጥማጁ ብዙ ጊዜ ችካሉን አይፈልገውም። ባለፈው ሳምንት ዓሣ ያገኘበት ቦታ በዓለም ላይ በትክክል የት እንደሆነ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ተመልሶ እዚያው መድረስ ነው። ማለትም የዛሬዋን በቅሎ ወስዶ የዚያን ቀኗ በቅሎ ከቆመችበት ላይ ማቆም። ሁለቱም ያልታሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ ልዩነታቸው ከአንዷ ስሕተት ይበልጣል። እያንዳንዷ በ95 በመቶ 6.2 ሜትር ከሆነች፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ 8.8 ሜትር ያድጋል። እኛ ቀያሾች እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ስም ሰጥተን እንይዛቸዋለን፤ አንዱ ለእውነተኛው ቦታ ያለው ቅርበት ነው፣ ሌላው ደግሞ ወደ ተመዘገበው ቦታ የመመለስ ብቃት። ሻጮች ሁለቱንም «ትክክለኛነት» ይሏቸዋል።

ደግሞስ የተመዘገበው ምኑ ነው? ዓሣ መፈለጊያው ሶናር ድምፁን የሚልከው እንደ ሾጣጣ እየሰፋ ነው። የሾጣጣው ማዕዘን 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያየው ክብ ስፋቱ 10.6 ሜትር ይደርሳል። ዓሣው ከዚህ ክብ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ጀልባው በ20 ኖት የሚሄድ ከሆነ በሴኮንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ ስክሪኑን አይቶ ቁልፉን እስኪጫን አንዲት ሴኮንድ የዘገየ ጣት 10 ሜትር አበላሽቷል። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ 60 ሜትር ገመድ ለቅቆ መልህቅ የጣለ ጀልባ ደግሞ ነፋሱ በዞረ ቁጥር ከመልህቁ ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ሊዞር ይችላል። በዚህ ሁሉ መሀል ስለ 2 እና 3 ሜትር ልዩነት መከራከር ጀልባው ውኃ እየሞላ ወንበሩን እንደመወልወል ነው።

ወደ ዐለቱ እንመለስ፤ በቅሎዋን አሁን ላሳርፋት። መሣሪያው ያለ አንዳች ስሕተት ቦታውን ቢናገር እንኳ ዐለቱን ካርታው ላይ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። የባሕር ካርታ ሠሪዎች መረጃቸው ምን ያህል እንደሚታመን በደረጃ ይከፋፍላሉ። በከፍተኛው በኤ1 የቦታ ስሕተቱ እስከ 5 ሜትር ሲደመር የጥልቀቱ 5 በመቶ ነው፤ በቢ እስከ 50 ሜትር፣ በሲ እስከ 500 ሜትር ይፈቀዳል፤ ዲ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ብዙ የባሕር ክፍል ዛሬም ከሳተላይት ዘመን በፊት በገመድ የታሰረ የእርሳስ ብረት ወደ ታች እየተጣለ በተለካ መረጃ ላይ ነው የቆመው። የዲጂታል ካርታው ጣት እስኪደክም ድረስ ስለሚጎላ ዐለቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ምስሉ ጎላ እንጂ ልኬቱ አልተሻሻለም። ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ልጨምር፤ ጂፒኤስ ኬክሮስና ኬንትሮስን የሚቆጥርበት የምድር ልክ ደብሊውጂኤስ 84 ይባላል። የቆየ የወረቀት ካርታ በሌላ ልክ የተሠራ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ኬክሮስና ኬንትሮስ በሁለቱ ላይ በመቶዎች ሜትር ሊለያይ ይችላል። ከካርታው ጥግ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህም የባሰ ተራ ስሕተት አለ። አንድ ሰው «30.50 ደቂቃ» (ደቂቃ እዚህ የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ነው) ብሎ የሰጠውን ቦታ ሌላው «30 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ» አድርጎ ያስገባል። በኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1,852 ሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ብቻ 617 ሜትር ተሳስቷል። በእኔ ልምድ «ጂፒኤሱ አሳሳተኝ» ተብሎ ከቀረበልኝ አቤቱታ አብዛኛው ይኸው ነው። የትኛውም ባለ 2 ሜትር መሣሪያ ከዚህ አያድንም።

ልዩነት የሚያመጣ ቴክኖሎጂ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ በ95 በመቶ 100 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር፤ የማዛባቱ ሥራ ሲቆም የመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ አዳዲስ መቀበያዎች የአዮኖስፌርን መዘግየት ለክተው ያወጡታል። ከሳተላይት የሚላክ የእርማት አገልግሎትም አለ። የሰሜን አሜሪካው «ዋስ» ይባላል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ ተያዥ ቢመስልም የተሠራው ለአውሮፕላን ነው፣ ከሽፋኑ ውጭ ላለ ጀልባ ዋስ አይሆንም። የአውሮፓው ኢግኖስም እንዲሁ የራሱ ወሰን አለው። መሣሪያው ይህን ይቀበላል ተብሎ ሲጻፍ መጠየቅ ያለበት አገልግሎቱ ጀልባው በሚሄድበት ውኃ ላይ አለ ወይ ነው።

ያን ጠያቂ ባገኘው የምለው አጭር ነው። ካርታው ቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዐለቱን በዓይን ሳያዩ 4 ሜትር ቀርቶ 40 ሜትርም አይጠጉት። ዕቃውን ሲመርጡ ደግሞ የሜትሩን ቁጥር ትተው እርጥብ ጣት ይፈትኑበት፤ የውኃ ጠብታ ያረፈበት የንክኪ ስክሪን በራሱ ጊዜ ካርታውን ይዞ ይሄዳል፣ ቁልፍ ያለው ግን በጓንትም ይሠራል። አይፒኤክስ7 የሚለው ምልክት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ ይንሳፈፋል ማለት አይደለም፣ የማይንሳፈፍ ዕቃ ደግሞ ደረቅ ሆኖም ቢሰምጥ ያው ነው። ባትሪው እዚያው ጀልባ ላይ የሚቀየር ይሁን። ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ቦታውን የሚመዘግበው ቁልፍ በአንድ ጣት፣ ሳይታይ የሚገኝ መሆን አለበት። ፀረ ነጸብራቅ (ፖላራይዝድ) የፀሐይ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መነጽሩን አድርገው ዕቃውን ከቁም ወደ ጎን ያዙሩት፤ ስክሪኑ ከጠቆረ መልሰው ያስቀምጡት።