የቼክ ጦር፦ ከጋሪ ምሽግ እስከ ሰማያዊዋ ደብተር

ከፕራግ መሀል ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ቪትኮቭ የሚባል ረጅምና ጠባብ ኮረብታ ይገኛል። አናቱ ላይ 9 ሜትር ቁመት ያለው የነሐስ ፈረሰኛ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ፣ በእጁ ዱላ የጨበጠ። ያን ዢሽካ ነው። በ1420 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ኮረብታ ላይ ጥቂት ሰዎች ይዞ የንጉሥ ሲጊስሙንድን የመስቀል ጦር መልሷል። ከፈረሰኛው ጀርባ ያለው ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በባዕድ ምድር ለተዋጉ ቼኮችና ስሎቫኮች መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራ ነበር። ናዚዎች ሲገቡ መጋዘን አደረጉት። ኮሙኒስቶች ደግሞ በተራቸው የመሪያቸውን የክሌመንት ጎትቫልድን አስከሬን በመድኃኒት አድርቀው ከ1953 ጀምሮ ለዓመታት ለሕዝብ እይታ አኖሩበት። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች አጽም አርፎበታል። አንድ ሕዝብ ስለ ጦሩ ምን እንደሚያስብ በየዘመኑ ሲቀያየር ለማየት ከዚህ ኮረብታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ቼክ ሪፐብሊክ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት የመካከለኛው አውሮፓ አገር ናት። ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ያለው የጦር ታሪኳ አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። ቼኮች ስማቸውን ያስጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከአገራቸው ርቀው፣ በሌሎች ምድርና ሰማይ ሲዋጉ ነው። በገዛ ምድራቸው ላይ ትልቅና የታጠቀ ጦር በነበራቸው ጊዜ ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በ1939 እና በ1968፣ ከሰፈርህ አትውጣ ተብሏል።

ገበሬዎች፣ ጋሪዎችና ዋሽንቶች

ነገሩ የሚጀምረው በሃይማኖት ነው። የፕራጉ ሰባኪ ያን ሁስ በሐምሌ 1415 በኮንስታንስ ከተማ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ ሁሳውያን በሮም ቤተ ክርስቲያንና በንጉሣቸው ላይ ተነሡ። በአብዛኛው ገበሬዎችና የከተማ ነዋሪዎች ስለነበሩ ጥሩር የለበሰውን የባላባት ፈረሰኛ ሜዳ ላይ መግጠም አይችሉም። የጦር መሪያቸው ዢሽካ መላ አገኘ። የእርሻ ጋሪዎችን በጣውላ አጠናክሮ በሰንሰለት አያያዛቸው፤ ፈረሶቹን ፈትቶ ተንቀሳቃሽ ምሽግ ሠራ። በየጋሪው ቀስተኛ፣ ተኳሽ እና በብረት የተለበጠ የእህል መውቂያ የያዘ ሰው ይመደባል። ፈረሰኛው መጥቶ ጋሪው ላይ ሲሰበር ያን ጊዜ ከውስጥ ይወጡበታል።

የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ እስከ ዛሬ በዓለም ጦር ሰፈሮች ይሰማል። የታመቀ ሰልፍ ላይ የሚተኮሰውን አጭር መድፍ ‘ሆውፍኒትሴ’ ይሉት ነበር፤ የዛሬው ‘ሃውዘር’ የመጣው ከዚያ ነው። በእጅ የሚያዘውን ትንሽ ጠመንጃ ደግሞ በቅርጹ ‘ፒሽትያላ’ ማለትም ዋሽንት አሉት፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ‘ፒስቶል’ ከዚህ እንደመጣ ይናገራሉ።

ዢሽካ በ1421 ሁለተኛ ዓይኑንም አጣ፤ ሆኖም ዓይነ ስውር ሆኖ መምራቱን አላቆመም። በ1424 በበሽታ እስኪሞት ድረስ በዋና ዋና ውጊያዎች አልተሸነፈም። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1431 በዶማዥሊትሴ የተሰለፈው የመስቀል ጦር የሁሳውያኑን መዝሙርና የጋሪዎቻቸውን ድምፅ እንደሰማ ገና ሳይዋጋ መሸሹ ይተረካል። ጽንፈኛውን ክንፍ መጨረሻ ላይ የሰበረው የውጭ ጠላት አይደለም፤ በ1434 በሊፓኒ ሜዳ ከካቶሊኮች ጋር ያበሩ ለዘብተኛ ሁሳውያን ናቸው።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን 1620፣ በፕራግ ደጃፍ በነጭ ተራራ የተደረገው ውጊያ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ቆየ። የቦሄሚያ መኳንንት ጦር በአብዛኛው ቅጥረኛ ነበር፤ ተበተነ። በዓመቱ 27 የዓመፁ መሪዎች በፕራግ አሮጌው አደባባይ ተሰቀሉ፣ ተሰየፉ። በቦታው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ዛሬም 27 ነጫጭ መስቀሎች ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቼክ ወታደር እንጂ የቼክ ጦር አልነበረም።

በሰው ባንዲራ ሥር

በሀብስበርግ፣ ማለትም በድል አድራጊው የኦስትሪያ ገዥ ቤተሰብ፣ ሠራዊት ውስጥ ቼኮች በብዛት አገለገሉ፤ እውቁ ማርሻል ራዴትስኪም የቦሄሚያ ተወላጅ ነው። የትእዛዙ ቋንቋ ግን ጀርመንኛ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተጠባባቂ ጦር አባላት ስማቸው ሲጠራ በጀርመንኛ ‘ሂር’ በማለት ፈንታ በቼክኛ ‘ዝዴ’፣ ማለትም ‘አለሁ’፣ እያሉ መመለስ ጀመሩ፤ ለዚህም ተቀጡ። ፓርላማ ድረስ የደረሰ ጉዳይ ነበር። አንዲት ቃል ይህን ያህል ማስፈራቷ ስለ ግዛቱ ጤንነት ብዙ ይናገራል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቼኮች ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመቱ። ከነሱ አንዱ፣ ያሮስላቭ ሃሼክ፣ ወደ ሩሲያ እጅ ገብቶ ከጊዜ በኋላ የሽቬይክን ታሪክ ጻፈ፤ ትእዛዝን ሁሉ እያጎነበሰና ፈገግ እያለ የሚቀበል፣ በዚያው ግን ትእዛዙን መሳቂያ የሚያደርግ ተራ ወታደር። አማርኛ ተናጋሪ ሽቬይክን ሲያውቀው ሰም ለበስ ወርቅ ይዞ ከአዛዡ ፊት የቆመ ሰው ያስታውሰዋል። ቼኮች እስከ ዛሬ ‘እኛ የዢሽካ ልጆች ነን ወይስ የሽቬይክ?’ እያሉ ይከራከራሉ።

ጥያቄውን የሚያወሳስበው ሃሼክ ራሱ ነው። ከምርኮ በኋላ የቼኮስሎቫክ ሌጌዎንን ተቀላቅሎ ነበርና። ሌጌዎኑ በነጻነት ታጋዮቹ በቶማሽ ማሳሪክ፣ በኤድቫርድ ቤኔሽና በሚላን ሽቴፋኒክ ጥረት ከምርኮኞችና ከስደተኞች በሩሲያ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን የተቋቋመ ነው። በሐምሌ 1917 በዝቦሮቭ 3,500 ያህል ሰዎቹ የኦስትሪያን ምሽግ ሰበሩ። የቦልሼቪክ መንግሥት ከጀርመን ጋር ሲታረቅ በሩሲያ የነበሩት ወደ 40,000 የሚጠጉ ሌጌዎነኞች ወደ ፈረንሳይ ግንባር ለመሄድ የቀረላቸው መንገድ በሳይቤሪያ፣ በፓስፊክ በኩል ሆነ። በግንቦት 1918 ከቦልሼቪኮች ጋር ተጋጩ፤ በጥቂት ወራት ከቮልጋ እስከ ቭላዲቮስቶክ ያለውን የባቡር ሐዲድ ያዙ። ሕይወታቸው ባቡር ላይ ሆነ። በጭነት ፉርጎ ውስጥ ዳቦ ይጋግሩ፣ ጋዜጣ ያትሙ፣ ቴምብር ያወጡ፣ ገንዘብ ያስቀምጡ ነበር። አገር ሳይኖራቸው የአገር ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ከቭላዲቮስቶክ በመርከብ የወጡት በ1920 ነው።

ጥቅምት 28 ቀን 1918 ቼኮስሎቫኪያ ነጻነቷን ስታውጅ ይህ ሠራዊት የድርድር ጉልበቷ ነበር። ሲመለሱም ሌጌዎነኞች የአዲሱ መንግሥት ዓምድ ሆኑ። በመንግሥት ሥራ ቅድሚያ ተሰጣቸው፤ በፕራግ የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ፤ ሰልፋቸውና ማኅበራቸው የሪፐብሊኩ የክብር መገለጫ ሆነ። የጦር ኃይሎች ቀን እስከ ዛሬ የሚከበረው ሰኔ 30 ሲሆን፣ በ1918 በፈረንሳይዋ ዳርኔ ከተማ ቃለ መሐላ የፈጸሙበት ዕለት ነው።

የተዘጋጀና ያልተኮሰ ጦር

የመጀመሪያው ሪፐብሊክ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበረው። የፕልዘኑ ሽኮዳ መድፍና ታንክ ያመርታል፤ የብርኖው ዝብሮዮቭካ ጠመንጃና መትረየስ። እንግሊዞች ‘ብሬን’ ያሉት መትረየስ ስሙን የወሰደው ከብርኖና ከኤንፊልድ መጀመሪያ ፊደላት ነው። ኢትዮጵያም ከማይጨው በፊት የቼክ ጠመንጃ ከገዙ አገሮች አንዷ ናት። በዚያው ጦርነት አዶልፍ ፓርለሳክ የተባለ ቼክ በሰሜን ግንባር የራስ ካሳ አማካሪ ሆኖ ዘምቷል፤ ትዝታውን በ1948 በቼክኛ ያሳተመ ሲሆን፣ የአማርኛው አንባቢ ‘የሐበሻ ጀብዱ’ በሚለው ትርጉም ያውቀዋል። ትንሽ አገር በትልቅ ጎረቤት ስትወረር ዓለም ዝም ማለቱን ትግራይ ላይ ያየ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ በገዛ አገሩ ላይ ሊያየው ነበር።

ከ1935 ጀምሮ በድንበሩ ዙሪያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቀላል የኮንክሪት ምሽጎችና ከ200 በላይ ከባድ ምሽጎች ተገነቡ። መስከረም 23 ቀን 1938 ሌሊት በሬዲዮ ክተት ታወጀ፤ በጥቂት ቀናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ታጥቆ ቦታውን ያዘ። ከሳምንት በኋላ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ጀርመን በሙኒክ ተሰብስበው ምሽጎቹ ያሉበትን የድንበር መሬት ለሂትለር ሰጡ። ቼኮች አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም፤ ‘ስለ እኛ፣ ያለ እኛ’ የሚለው አባባል የቀረው ከዚያ ነው። ወታደሮቹ እያለቀሱ ከምሽጋቸው ወጡ። ‘መዋጋት ነበረብን ወይስ አልነበረብንም?’ የሚለው ክርክር በቼክ ቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ሰማንያ ዓመት አልፎትም አልበረደም። በእኔ ግምት የዚያ ሕዝብ ስለ ጦር ያለው ስሜት ሁሉ ከዚህ ቁስል ይቀዳል።

በመጋቢት 1939 ጀርመኖች ቀሪውን ሲይዙ የመጣው ትእዛዝ አንድ ነበር፦ እንዳትከላከሉ። በሚስቴክ ከተማ ሻምበል ካሬል ፓቭሊክ ብቻ ከነወታደሮቹ ተኩስ ከፍቶ ለአጭር ጊዜ ተዋጋ፤ በ1943 በማውትሃውዘን ማጎሪያ ተገደለ። የቼክ ታንኮች ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በጀርመኑ ጄነራል በሮመል ክፍለ ጦር ሥር ፈረንሳይን ወረሩ።

የቀሩት እንደገና ወደ ውጭ ወጡ። በብሪታንያ አየር ኃይል 310፣ 311፣ 312 እና 313 የሚል ቁጥር የያዙ የቼኮስሎቫክ የአየር ጓዶች ተመሠረቱ። ዮሴፍ ፍራንቲሼክ ከፖላንዳውያን ጋር እየበረረ በብሪታንያ ሰማይ 17 አውሮፕላን ጣለ። ሌሎች በቶብሩክ በረሃ፣ በሶቪየት ግንባር በሶኮሎቮና በዱክላ ተራራ መተላለፊያ ተዋጉ። ከብሪታንያ በጃንጥላ የወረዱት ቼኩ ያን ኩቢሽና ስሎቫኩ ዮሴፍ ጋብቺክ ግንቦት 27 ቀን 1942 የናዚውን ገዥ ራይንሃርድ ሃይድሪክን ፕራግ ውስጥ አቆሰሉት፤ ከሳምንት በኋላ ሞተ። በቀሉ ከባድ ነበር። የሊዲትሴ መንደር ወንዶች ተረሸኑ፤ መንደሩም ከምድር ጠፋ። ሁለቱን ጨምሮ ሰባት ጃንጥላ ወራጆች በአንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተከበው እስከ መጨረሻው ተዋግተው ወደቁ፤ ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ የወሰዱት ጳጳስ ጎራዝድም ተረሸኑ። በግድግዳው ላይ የጥይቱ ፍንጣሪ ዛሬም አለ።

ጥቁር ባሮኖችና ሰማያዊዋ ደብተር

በየካቲት 1948 ኮሙኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ከምዕራብ የተመለሱ ጀግኖች ተጠርጣሪዎች ሆኑ። ጄነራል ሄሊዮዶር ፒካ በ1949 ተሰቀለ፤ በብሪታንያ ሰማይ የተዋጉ አብራሪዎች ከጦሩ ተባረሩ፣ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም በጉልበት ሥራ ኖሩ። ከ1950 እስከ 1954 ‘ለፖለቲካ የማይታመኑ’ የተባሉ ወጣቶች፣ የካህናትና የባለሀብት ልጆች ጭምር፣ መሣሪያ ሳይሆን አካፋ እየተሰጣቸው ማዕድን ማውጫና ግንባታ ላይ ተመደቡ። ሕዝቡ በትከሻቸው ምልክት ቀለም ‘ጥቁር ባሮኖች’ አላቸው።

ጦሩ ከ200,000 በላይ ሰው ይዞ በሶቪየት ኅብረት በሚመራው የጦር ትብብር፣ በዋርሶ ቃል ኪዳን ሥር ተሰለፈ። በነሐሴ 1968 ግን ወራሪዎቹ የገዛ አጋሮቹ ሆኑ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርቲን ዙር ወታደሩ ከሰፈሩ እንዳይንቀሳቀስ አዘዘ። ታንኮቹን በባዶ እጁ የከበበው ሲቪሉ ነበር፤ ከመቶ በላይ ሰዎችም ሞቱ። ሁለት ጊዜ እንዲህ የሆነ ጦር የሕዝብ አክብሮት ይዞ ለመቆየት ይቸገራል።

ውትድርናው ለወንድ ሁሉ የሁለት ዓመት ግዴታ ሲሆን፣ ነባሮቹ ‘ማዛኮች’ አዲስ ገቢውን ያንገላቱት ነበር። ስለዚህ ወጣቱ የሚመኘው ማዕረግ አልነበረም፤ ‘ሰማያዊዋ ደብተር’ ነበረች። ለውትድርና ብቁ እንዳልሆነ የምትመሰክር ይህችን ሰነድ ለማግኘት የሆድ ሕመም የሚያስመስል፣ የአእምሮ ሕመም የሚተውን፣ ሐኪም የሚያስቸግር ብዙ ነበር። ተሳክቶለት ወደ ቤቱ የመጣ ልጅ ድግስ ይደገስለታል። ሽቬይክ አልሞተም ነበር።

ከ1989 ወዲህ

በኅዳር 1989 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ጦሩ አልተኮሰም፤ በዚህ ጊዜ ዝምታው በበጎ ተቆጠረለት። በ1991 የመጨረሻው የሶቪየት ወታደር ወጣ። አገሪቱ በ1993 ለሁለት ስትከፈል የጦሩ ንብረትም ሁለት እጅ ለቼክ፣ አንድ እጅ ለስሎቫኪያ ያለ ጠብ ተከፋፈለ፤ ከዩጎዝላቪያ ጋር ሲነጻጸር ተአምር ነው። ቼክ በመጋቢት 1999 ኔቶን ተቀላቀለች። አነስተኛ ብትሆንም በኬሚካል መሣሪያ መከላከል የታወቀ ክፍል አላት፤ ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ጀምሮ ተፈልጓል። በአፍጋኒስታን 14 ወታደሮች ወድቀውባታል።

የሕዝቡ አስተያየት የተለወጠው ግን በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። በ2002 የቭልታቫ ወንዝ ፕራግን ሲያጥለቀልቅ፣ በ2021 አውሎ ነፋስ የደቡብ ሞራቪያ መንደሮችን ሲያፈርስ፣ በኮሮና ዘመን የአረጋውያን መጦሪያዎች ሠራተኛ ሲያጡ፣ የመጣው ወታደር ነበር። ዛሬ በአስተያየት መለኪያዎች ጦሩ ከፓርላማውና ከመንግሥቱ በላይ አመኔታ ያገኛል። በ2023 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ፔትር ፓቬልም ጡረተኛ ጄነራል ናቸው፤ በወጣትነታቸው የኮሙኒስት ፓርቲ አባል፣ በ1993 በክሮኤሺያ ከ50 በላይ የፈረንሳይ ወታደሮችን ከከበባ ካወጣው ቡድን ጋር የነበሩ፣ ኋላም የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ከ2024 ጀምሮ አገሪቱ ከዓለም ዙሪያ የመድፍ ጥይት እያፈላለገች ለዩክሬን እንዲደርስ ማስተባበሯ ለ1938 የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው የሚሉ አሉ።

አስገዳጅ ውትድርና በ2004 መጨረሻ ቀርቷል፤ ሰማያዊዋ ደብተርም የአባቶች ጨዋታ ማድመቂያ ሆናለች። አሁን ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። መከላከያ ሚኒስቴር 30,000 መደበኛ ወታደርና 10,000 ንቁ ተጠባባቂ ይፈልጋል፤ ሥራ አጥነት ከአውሮፓ ዝቅተኛ ከሆነባቸው አገሮች በአንዷ ውስጥ ደግሞ ወጣቱን ከግል ድርጅት ደመወዝ ነጥቆ የደንብ ልብስ ማልበስ ቀላል አልሆነለትም።