ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት፦ የወለል ዝግጅት በጅማ ቤቶች

የወለል ዝግጅት ማለት ሴራሚኩ የሚያርፍበትን ወለል ማድረቅ፣ ማጽዳት፣ ማጠንከርና በውሃ ልክ ማስተካከል ነው። ጅማ ላይ ዋናው ጣጣ እርጥበት ነው። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አዌቱ ወንዝም መሃሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ክረምት ካለፈም በኋላ ቶሎ አይደርቁም።

ድሮ የጭቃ ቤት ወለል በእበት ይለቀለቅ ነበር። ቀጥሎ ሊሾ፣ ማለትም ልሙጥ የሲሚንቶ ወለል መጣ።

ነባር ቤት ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ሊሾ ነው፤ ለዓመታት ሰም እየተቀባ የተወለወለ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ለባለቤቶቹ ኩራት ቢሆንም ሲሚንቶ አይዝበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ከቆመ ሰሙ ገና አለ። ሊሾው ከመጠጠው መልካም ነው። ሰሙ በሳሙናና በብሩሽ ብቻ ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ ወለሉ በመሮና በመዶሻ ይወቀራል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ይቀባል። የጅማ ግንበኛ በዚህ አይታማም። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ይሄዳል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ተነስቶ እንደ አዲስ ይሞላል።

ሊሾው ሙሉ በሙሉ ይነሳ ወይስ ተወቅሮ ይቅር የሚለው ያከራክራል። ጠንካራ ከሆነ መወቀሩ የሚበቃ ይመስላል። ግን በላዩ የሚገባው የሲሚንቶ ልስንና ሴራሚኩ ሲደመሩ ወለሉን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ በር መከርከም ይመጣል።

አዲስ ቤት ላይ ጥቁር አፈር ካለ ይወጣል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) ተሞልቶ ይጠቀጠቃል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ኮንክሪት ይፈሳል። ኮንክሪቱ ውሃ እየጠጣ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ሴራሚክ ለመንጠፍ 28 ቀን መጠበቅ ይመከራል፤ አጣዳፊ ባለቤት ይህን አይወድም። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ፕላስቲክ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ ያድራል። ጠዋት ከሥሩ ላብ ከታየ ገና ነው።

አሸዋውም ይፈተናል። በጠርሙስ ከውሃ ጋር ተንጦ ሲያርፍ ከላይ ወፍራም የደለል ሽፋን ከታየ መታጠብ አለበት።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ያዘነብላል። ሴራሚክ ከመግባቱ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል፤ ጥግ ላይ ከተኛ ልስኑ እንደገና ይስተካከላል።