የቴአትር የመጀመሪያ ልምምዶችና የመድረክ ላይ እንቅስቃሴ (ብሎኪንግ)

የአንድ ቴአትር ልምምድ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ተዋንያኑ ከአዘጋጁ ጋር ተቀምጠው ጽሑፈ ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሌላው ምን እንደሚሻ፣ ምን እንደሚደብቅና ንግግሩ የቱ ላይ አቅጣጫ እንደሚቀይር ይለያሉ። ንባቡን ችላ ያለ አዘጋጅ ዳፋው የሚደርሰው በኋላ፣ ተዋናዩ መሐል ላይ ቆሞ «ወደ መስኮቱ የምሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው።

ብሎኪንግ ማለት ማን በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚቀመጥና በየትኛው ቃል ላይ እንደሚንቀሳቀስ መወሰን ነው። በዚህ ጊዜ ዲኮሩ ገና ስላልተሠራ፣ ግድግዳው፣ በሩና ደረጃው በትክክለኛ ልካቸው በልምምድ አዳራሹ ወለል ላይ በባለቀለም ፕላስተር ይሰመራሉ፤ ተራው ወንበር ዙፋን ይሆናል። የተሰመረውን ግድግዳ ረግጦ ያለፈ ተዋናይ ሳቅ ይከተለዋል።

ቀኝና ግራ የሚባሉት ፊቱን ወደ ተመልካች ባዞረ ተዋናይ አንጻር ነው። በአውሮፓ ልማድ የመድረኩ ኋላ «ላይ»፣ ፊቱ «ታች» መባሉ ደግሞ የቀድሞ መድረኮች ወደ ተመልካች ያዘቀዘቁ ስለነበሩ ነው። ወደ ኋላ ያፈገፈገ ተዋናይ ከፊቱ ያለውን ባልደረባውን ጀርባውን ለተመልካች እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ በሙያው ዘንድ ይህ እንደ ነውር ይቆጠራል።

አንዲት ሴት ለአባቷ መርዶ የያዘ ደብዳቤ ልትሰጥ ገባች እንበል። አባትየው በሩ አጠገብ ከተቀመጠ ነገሩ በአንድ እርምጃ ያልቃል፤ በመድረኩ ማዶ ካለ ግን ልጅቱ ያን ሁሉ ርቀት በዝምታ ስታቋርጥ ተመልካቹ ደብዳቤው ሳይነበብ መርዶውን ይረዳዋል። እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ከቃለ ተውኔቱ ጎን በምልክትና በቀስት ይመዘግባል፤ ጠዋት የተወሰነው ከሰዓት ስለሚለወጥም የሚጽፈው በእርሳስ ነው። ብዙ ተዋንያን ቃሉን በደንብ የሚይዙት እንቅስቃሴው ከታወቀ በኋላ ነው፤ እግር የሄደበትን መንገድ አፍ ቶሎ አይረሳውም።

እንቅስቃሴውን ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ አከራክሯል። በጀርመን የሳክስ-ማይኒንገን ግዛት መስፍን የነበሩት ጊዮርጊስ 2ኛ፣ የቴአትር ቡድናቸው እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1890 በአውሮፓ ሲዞር፣ በሕዝብ ትዕይንቶች ላይ የእያንዳንዱን ሰው አቋቋም ሳይቀር በመወሰን ታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቴአትር ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ሩሲያዊው አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪም መጀመሪያ ላይ ዝርዝሩን ቀድሞ በጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር፤ በዕድሜው መገባደጃ ግን ተዋናዩ እንቅስቃሴውን በልምምድ ራሱ እንዲያገኘው ወደ ማድረግ አዘነበለ። ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ቢፈጅም የሚሰጠው እርምጃ ምክንያቱን ይዞ የመጣ ነው።

ዲኮሩ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይከፈታል የተባለው በር ወደ ውጭ የሚከፈት ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ትዕይንት እንደገና መቀመር ግድ ይሆናል፤ ላጲሱም እንደገና ይወጣል።