የጦር ካህናት፦ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ቅድስት ሥላሴ

የጦር ካህን ከሠራዊት ጋር ዘምቶ የሚቀድስ፣ የሚያናዝዝና ለሞተ ፍትሐት የሚያደርስ አገልጋይ ነው። በድሮው ዘመን የተለየ ማዕረግ ወይም ደንብ ልብስ አልነበረውም። ታቦቱ ከዘመተ ካህኑም ዘመተ፣ በቃ። የመኳንንቱ የነፍስ አባትም ከጌታው ጋር ይወጣል።

ስለ ዓድዋ ብዙ ተጽፏል። ውጊያው የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው። የአራዳው ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም እዚያው ነበሩ። ተኩሱ ሲከፈት ንጉሡና ንግሥቲቱ ቅዳሴ ላይ ነበሩ ይባላል። አራዳ ላይ ውጊያው በጊዮርጊስ ቀን መዋሉን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። ዛሬ ፒያሳ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ካቴድራል ከድሉ በኋላ የታነጸ ነው። የጣሊያን ምርኮኞች ሠርተውታል የሚሉ አሉ። ፋሺስቶች በወረራው ጊዜ አቃጥለውታል፤ ቂሙ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኞች ጋር ቆመው በመገኘታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። አርበኛውን ሽፍታ በሉት ቢባሉ እምቢ ማለታቸው ይነገራል። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ቆይቶ ተመልሷል።

የካህኑ ዋና ሥራ ግን ከውጊያው በኋላ ነው። ፍትሐት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ የሰባት ዓመት ተዝካር። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። ጓደኛው እገሌ እያለ የሚጠራውን ወታደር፣ በዚያኛው ስሙ የሚያውቀው የነፍስ አባቱ ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፣ አርበኞች ባረፉበት ስፍራ፣ የጣሊያንን ወረራ የተቃወመችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1953 ዓ.ም. ስትቀበር ስሟ «ወለተ ክርስቶስ» ነበር። የሌላ እምነት ወታደር ደግሞ በራሱ ሃይማኖት ሥርዓት ይሸኛል።

በደርግ ዘመን የጦር ካህን ነገር ብዙም አይወራም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት መካከል ጄኔራሎችም ነበሩ። ያለ ፍትሐት በጅምላ ተቀበሩ። አስከሬናቸው ወጥቶ በሥላሴ ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የአርባውም የሰማንያውም ቀን ካለፈ ከ17 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።