የዕፅዋትና የረቂቅ ተሕዋስያን ትምህርት በባሕር ዳር

ዕፅዋትንና ረቂቅ ተሕዋስያንን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ባሕር ዳር ጥሩ ቦታ ናት። የጣና ሐይቅ፣ የአባይ ወንዝ፣ የገዳማቱ ደንና የፎገራ ሜዳ ሁሉም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። መምህሩ ጠዋት ሌክቸር ላይ የተናገረውን ከሰዓት ወጥቶ በዓይን ማየት ይቻላል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ተዋህደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ባዮሎጂ የሚሰጠው በሳይንስ ኮሌጅ ሥር፣ በፔዳ ግቢ ነው። የሰብልና የአፈር ትምህርት ደግሞ በጎንደር መንገድ በሚገኘው ዘንዘልማ ግቢ ይሰጣል። ሁለቱ ግቢዎች ተራርቀው ቢሆንም ጥያቄዎቻቸው ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው።

ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተናውን አልፎ ይመጣል። ፍሬሽማን ሆኖ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። ብዙው ተማሪ ልቡ ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ላይ ነው። ባዮሎጂ ሲደርሰው የሚያዝንም አለ። እኔ ግን ሐዘኑ ትክክል አይመስለኝም። ትምህርቱን ከቀመሰ በኋላ የሚወደው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

የዕፅዋቱ ክፍል የሚጀምረው ከመለየት ነው። ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ፊት ለፊት ተቃራኒ ናቸው ወይስ ተፈራራቂ? አበባው ስንት መልካበብ አለው? ተማሪው ፊልድ ወጥቶ ናሙና ይቆርጣል፣ ናሙናው በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ይደርቃል፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበታል። ዋንዛ በሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና፣ ብርብራ ደግሞ ሚሌቲያ ፈሩጊኒያ ተብሎ ይመዘገባል። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር። ይህን የሚያደርገው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የአገር ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር በኬሚስትሪ ሲብራራ ተማሪው ሁለቱንም ማክበር ይማራል።

ለዚህ ትምህርት በጣና ዳር ካለው የዘጌ ልሳነ ምድር የተሻለ ቦታ የለም። በልሳነ ምድሩ ላይ በገዳማቱ ሥርዓት ማረስ ክልክል ሆኖ ስለቆየ ደኑ ተርፏል። ሰው የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል። በሌላው አካባቢ ለእርሻ ሲባል የተመነጠሩ ዛፎች እዚህ ቆመው ይታያሉ። አንድ ቀን እዚያ የዋለ ተማሪ ስለ ጥላና ብርሃን ብዙ ይገባዋል።

የረቂቅ ተሕዋስያኑ ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል። አጋር የሚባለውን ተሕዋስያን የሚያድጉበትን ዝልግልግ ምግብ ማፍላት፣ ፔትሪዲሽ በሚባለው ክዳን ያለው ዝርግ ሳህን ላይ ማፍሰስ፣ ናሙና መዝራት፣ ከዚያ መጠበቅ። ግራም በሚባለው ባክቴሪያን የመለያ ማቅለሚያ ባክቴሪያው ወይን ጠጅ ወይም ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከሕዋስ ግድግዳው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ትገኛለች። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ኦቶክሌቩ ላይ፣ ማለትም ዕቃን በእንፋሎት ግፊት ከተሕዋስያን የሚያጸዳው ማሽን ላይ፣ የግፊት መለኪያውን ብቻ ማመን አይበቃም፣ ሙቀቱ 121 ዲግሪ መድረሱ መታየት አለበት። ይህን የዘነጋ ተማሪ ንጹሕ ነው ያለው አጋር ላይ ሻጋታ ይበቅልበታል።

እኔን የሚገርመኝ ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሥሩን ነቅሎ በላዩ ያለውን ትንሽ ጉብታ የሰነጠቀ ተማሪ ውስጡን ሮዝ ሆኖ ያገኘዋል። ቀለሙ ራይዞቢያ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ ለተክሉ እያዘጋጀ መሆኑን ያሳያል። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራው የለም ማለት ነው። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ትንሽ እውቀት አይደለም። ደን ውስጥም የጥድና የዝግባ ሥሮች ከፈንገስ ጋር ተዋህደው ፎስፈረስ ያገኛሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ የጤፍ ሊጥ የሚኮመጥጠው በእርሾ ፈንገስና ላክቲክ አሲድ በሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ነው። እናቶች ከቡሆው ላይ የሚያስቀሩት እርሾ የተህዋስያን ዘር ነው።

ስለ ጣና ስናወራ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ ማለፍ አይቻልም። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አየር የተሞላው የቅጠሉ አገዳ ያንሳፍፈዋል፣ ከሥሩ አጠገብ ልጅ ተክል እያወጣ ይስፋፋል፤ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ገበሬው ተሰብስቦ በእጁ ነቅሎ ከጨረሰ በኋላ እንደገና የሚበቅለው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያፈሰሰው ላብ ልብ ይነካል። እውቀቱ አብሮት መሄድ አለበት።

ለእምቦጩ ምግቡን የሚያመጡለት ወንዞች ናቸው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈርና ማዳበሪያ እያጠቡ ሐይቁ ውስጥ ያራግፋሉ። በዚያው ምግብ ማይክሮሲስቲስን የመሰሉ ሳይኖባክቴሪያዎችም (እንደ ተክል በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች) ይራባሉ፣ አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። እምቦጩን ለመቆጣጠር በሌሎች አገሮች የተሞከረው ተክሉን የሚበላ ኒዮኬቲና የሚባል ጥንዚዛ ነው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተለቋል። ቅጠሉን የሚያበላሹ ፈንገሶችም ይጠናሉ። የተነቀለውን ወደ ብስባሽ መቀየር ይቻላል፣ ግን ክምሩ በደንብ ካልሞቀ ዘሩ አብሮ ማሳ ይገባል። ክምሩን የሚያሞቁትም ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

የሚመረቀው ተማሪ መምህር ይሆናል፣ ወይም በጤናና በምግብ ጥራት ላብራቶሪ፣ በቢራ ፋብሪካ ይቀጠራል። ምርምር ለሚፈልግ ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ ወረታ ላይ ደግሞ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ሥራ ፍለጋው ቀላል አይደለም። ማስትሬት የሚያስብ ተማሪ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞ መምህር ቢጠጋ ይሻለዋል፤ የላብራቶሪ ሥራ ላይ እጅ የሚፈታው በመደጋገም ነውና።